የደረቁ ወደብ አንድ ወንበር

ልጆቹ ናቸው ተናገሪ ያሉኝ። ልጆች እላቸዋለሁ እንጂ አድገዋል፤ ትልቋ ሥራ ይዛለች፣ ታናሹም ጢሙን መላጨት ጀምሯል። ባለፈው እሑድ ምሳ በልተን ስናበቃ ትልቋ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «እማማ፣ ትንንሾች ሳለን እናታችን ለምንድን ነው ደርባን የኖረችው? እኛ እዚህ ካንቺ ጋር፣ እሷ እዚያ ብቻዋን?» አለችኝ።

«ሥራዋ ነዋ።»

«ሥራዋ መሆኑንማ እናውቃለን። እንዴት እንደዚያ እንደሆነ ነው የምንጠይቅሽ።»

ታናሹ ቀበል አድርጎ፣ «ፕሊስ እማማ፣ ግን ሾርት አድርጊው፤ ባለፈው ስለ አንዲት ፍየል ጠይቄሽ ሙሉ ቀን ፈጅተሽብኛል» አለ።

ሳቁብኝ። እኔም ሳቅኩና ሻርፔን አንሥቼ «ዳቦ ልግዛ» ብዬ ወጣሁ። ዳቦ እኮ እቤት ነበረ። እንዲህ ነኝ፣ አፌ ሲከብደኝ እግሬ ይቀድማል። የሰፈራችንን የፎርድስበርግን የጨርቅ ሱቆች፣ ሳምቡሳ የሚጠብሱትን፣ ስልክ የሚጠግኑትን አልፌ ሜይፌር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። መንገድ ላይ፣ ከምናገረው ብጽፈው ይሻላል አልኩ። ትምህርት ቤት የሚባል አልገባሁም፤ ፊደል ያስቆጠረችኝ ይህችው ልጄ፣ የእነሱ እናት ናት። ሁለተኛ ክፍል ሳለች የቤት ሥራዋን መሬት ላይ በከሰል እየጻፈች አስከተለችኝ። እጄ አሁንም ቀርፋፋ ነው፣ ታገሡኝ።

እኔ ወደ ጆሃንስበርግ የመጣሁት የልጄ ባል ከሞተ በኋላ ነው። ሁለት ትንንሽ ልጆች ታቅፋ ሱቅ ላይ ቀረች፤ ልያዝላት ብዬ መጣሁ። የምትሸጠው ብርድ ልብስ ነበር፣ በጅምላ። በእኛ አገር ዝናቡ ሲበረታ እዚህ ደረቅ ብርድ ነው፤ ጣት የሚቆረጥም። ያን ጊዜ ከቴምቢሳም፣ ሎኬሽን ከሚሉት ከሌላውም የከተማ ዳር ሰፈር የእኛ ልጆች እየመጡ ብርድ ልብስ በማዳበሪያ አስረው ለየሱቃቸው ይወስዳሉ። ዕቃው በመርከብ ደርባን ይደርሳል፣ ከዚያ በባቡር ተጭኖ ወደዚህ ከተማ ይመጣል።

በመጣሁ በሳምንቱ ልጄ፣ «እማዬ፣ ነገ ወደብ እንሄዳለን፣ ሰፋ ያለ ጫማ አድርጊ» አለችኝ። ወደብ ስትለኝ ልቤ ዘለለ። ባሌ፣ አላህ ይዘንለትና፣ የወጣትነት ጉልበቱን አሰብ ወደብ ላይ ጆንያ ሲሸከምበት ነው የጨረሰው። እስኪሞት ስለ ባሕር ያወራኛል፤ እኔ ግን አንድ ቀን አላየሁትም። አዲሱን ሻርፔን አጠለቅኩ። ታክሲው ከከተማው በስተደቡብ ወሰደን፤ ከማዕድን ጉድጓድ የወጣ ቢጫ አፈር እንደ ተራራ የተከመረበትን አለፍን፣ አጥር ጋ ወረድን። በዓይኔ ስፈልግ ስፈልግ የሚታየው ኮንቴነር በኮንቴነር ላይ ብቻ ነው።

«ባሕሩስ?» አልኩ።

«ባሕር የለውም እማዬ፣ ደረቅ ወደብ እኮ ነው!» ልጄ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከእሷ ጋር ዕቃ የሚያስመጡት ሽማግሌ፣ ሁላችንም ሀጂ የምንላቸው፣ «እትዬ፣ ታገሡ፤ ባሕሩን በሚቀጥለው ኮንቴነር ነው የምናስመጣልዎት» አሉኝ። አዲሱን ሻርፔን በማድረጌ አፈርኩ።

ግን ያን ቦታ ወደድኩት። ልጄንና ሀጂን ጨምሮ ሰባት ሰዎች ነበሩ፣ ለሰባት አንድ ኮንቴነር ይጋራሉ። ለብቻው ኮንቴነር የሚሞላ ትልቅ ነጋዴ በራሱ መጋዘን ይከፍታል፤ እንደ ልጄ ላሉት ግን ወደቡ ውስጥ አንድ ሜዳ ነበረች፣ እዚያ ነው የሚከፈተው። የኮንቴነሩ በር ሲከፈት ሰባቱም መቆም አለባቸው፤ አንዱ ከጎደለ ማንም ዕቃ አይነካም። ሁሉም በየጥቅሉ ላይ የየራሱን ምልክት ያስቀባል። የልጄ ሦስት አረንጓዴ ነጥብ ነው። የፈረንጁን ፊደል ባላውቅም ሦስት ነጥብ መለየት አያቅተኝምና ከሁሉም ቀድሜ እኔ ነኝ የማገኘው። የራሱን የጨረሰ ለሌላው ይሸከማል። ቀትር ሳይሆን ይለያያሉ። ልጄ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ከመመለሳቸው በፊት ቤት ትደርሳለች፣ በሩን ራሷ ትከፍትላቸዋለች። አባታቸው ከሞተ ወዲህ በሩን ሌላ ሰው ከከፈተው ታናሹ ያለቅስ ነበር። እኔ ብከፍተው እንኳ።

በሦስተኛው ብርዴ ወሬ መጣ። ሜዳዋን ሊዘጓት ነው፣ የጋራ ኮንቴነር ሁሉ ደርባን ባሕሩ ጋ ይከፈት ሊባል ነው የሚል። ደርባን በአውቶቡስ የቀን መንገድ ነው። ዕቃው ሲደርስ ቆሞ መጠበቅ፣ ወረፋ፣ ፍተሻ አለ፤ ሄዶ መመለስ አይቻልም፣ እዚያው መኖር ነው። ልጆቹን ይዛ እንዳትሄድ፣ እዚያ የምታውቀው ሰው የለም፣ ቀን ሙሉ ወደብ ላይ ናት። ሱቁን እንዳትተው፣ ሌላ የምታውቀው ሥራ የለም። ማታ ማታ ሳይሆን ጠዋት ጠዋት ነበር ጭንቀቷን የማየው፤ የልጆቹን ምሳ ስትቋጥር እጇ መሀል ላይ ይቆማል።

ከዚያው ወሬ ጋር ሌላ ነገር መጣ። ወደቡን የሚያስተዳድረው ቦርድ እስከዚያ ድረስ ሰዎቹ ሁሉ የሩቅ ነበሩ አሉ፣ አንዱም በዚያ በር ዕቃ ተሸክሞ አልወጣም። አሁን ግን በወደቡ ለሚገለገሉና በዙሪያው ለሚኖሩ አንድ ወንበር ሊሰጥ ነው። አንድ። የሜዳዋ ነገር የሚወሰነው በዚያ ጠረጴዛ ነው። እዚያ የተቀመጠ ሰው ቢያንስ፣ «ቆይ፣ እነዚህ እናቶች ልጅ አላቸው» ማለት ይችላል።

ሀጂ ሱቅ ፎቅ ላይ፣ ጥቅሎቹ ላይ ተቀምጠን ተመካከርን። ብዙም አላከራከረም። ሀጂ፣ «እንግሊዝኛውን ታውቃለች፣ ዙሉውን ታውቃለች፣ የሾፌሩን ሁሉ ጠባይ ታውቃለች። ልጄ፣ አንቺ ነሽ» አሏት።

«ኧረ ሀጂ፣ እኔ ምን አቅም አለኝ፣ ከእኔ የሚሻሉ ሞልተው።»

«አንቺ ነሽ።»

«እርስዎ እያሉ? አይሆንም ሀጂ፣ ነውር ነው።»

ሀጂ ተነሥተው እጇን ያዙ፤ «በአላህ ይዤሻለሁ» አሉ። ዝም አለች። ዝም ስትል አለቀ፣ ፋቲሓ አደረግን፣ ተነሣን። በእኛ ዘንድ እንዲህ ነው። ሹመት ሲሰጡህ ቀጥ ብለህ እሺ አትልም፤ አንዴ እምቢ ትላለህ፣ ሁለቴ እምቢ ትላለህ፣ በሦስተኛው ይዘው ይለምኑሃል። ቶሎ እሺ ያለ ሰው ነገሩን ሲቋምጥ ነበር ይባላል። ይህን ለልጄ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ሕፃን ሳለች ሰው ቤት ምግብ ሲያቀርቡላት በሁለተኛው ከተቀበለች ቤት ስንገባ እቆነጥጣት ነበር።

የምርጫው ቀን ቅዳሜ ጠዋት ነበር፣ ከወደቡ አጥር ጎን ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ አዳራሽ። ሰው ሞልቷል፤ ሾፌሮች፣ ጫኝና አውራጆች፣ ከአጥሩ ወዲያ ያሉ ነዋሪዎች። ሰብሳቢዋ የቦርዱ ሰው ናት፣ በእኔ ዕድሜ የምትሆን፣ መነጽሯን በክር ያንጠለጠለች ሴት። ሁሉም ማማ ይላታል። ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ በጆሮዬ ትተረጉምልኛለች። ሀጂ ሳምንቱን ሙሉ ያጠኗትን አንዲት የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ተነሥተው ተናገሩ፤ ይህች ሴት ትወክለናለች የምትል። ላባቸውን እየጠረጉ ተቀመጡ።

ከኋላ አንድ ሰው ጮኸ። «ምን አለ?» አልኳት። «እነዚህ ከየት የመጡ ናቸው፣ የአገሩ ሰው ጠፍቶ ነው ወይ ነው የሚለው» አለችኝ፣ ፊቷን ሳታዞር። አዳራሹ ጉም ጉም አለ። እኔ እንኳ ተነሥተን እንሂድ ልል ነበር። ሰብሳቢዋ መነጽሯን አወለቀች። «ወረቀቱ በዚህ በር የሚገባና የሚወጣንም ይላል። ይህችን ሴት በዚህ በር ስትገባ ስትወጣ ዓመታት አይቻታለሁ። አንተን አላየሁህም» አለችው። ሳቅ ሆነ። ከዚያ ወደ ልጄ ዞራ፣ «እህቴ፣ ትቀበያለሽ ወይ?» አለች።

ልጄ ተነሣች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አንገቷን ሰበር አደረገች። እንዴት አኮራችኝ። «አመሰግናለሁ፤ እኔ ግን አልበቃም፣ እዚህ ከእኔ የሚሻሉ አሉ» አለች።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አዎ፣ ሌላ ሰው ይሁን።»

ሰብሳቢዋ አጠገቧ ላለው ጸሐፊ አንድ ነገር ተናገረች፣ እሱም ጻፈ። «ሌላ ሰው?» አለች ወደ ሕዝቡ።

ሀጂ «ኧረ በአላህ…» ብለው ብድግ አሉ፤ የሚቀጥለው ግን በእንግሊዝኛ አልነበራቸውም። ልጄ ግራ ገብቷት አየችኝ። ልትነሣ ጉልበቷ ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ። እኔ ነኝ ቀሚሷን የያዝኩት። «ቆይ፣ ይለምኑሽ፤ ገና ሁለቴ ነው» አልኳት። በዚያች ቅጽበት የጭነት መኪና ባለቤት የሆነ ሰው ከፊት ተነሥቶ እጁን አወጣና፣ «እኔ እፈልጋለሁ» አለ። በገዛ አፉ! እፈልጋለሁ! የሚያፍርለት ሰው ፈልጌ ዞር ዞር አልኩ። አጨበጨቡለት።

ታክሲ ውስጥ ሰባቱም እኔም ባንድ ላይ ነበርን። ሀጂ፣ «ሦስተኛውን ሳይለምኑ! ምን ዓይነት ሕዝብ ነው?» ይላሉ ደጋግመው። ከሰባቱ አንዷ ሹራብ የምታስመጣ ቀልደኛ ሴት ነበረች፤ «ሀጂ፣ እዚህ አገር አንዴ እምቢ ካሉ ምሳም አይሰጡዎትም። እኔ በመጣሁ ጊዜ በዚህ ጠባይ ስንት ቀን ጾሜ አድሬያለሁ» አለች። ሁሉም ሳቁ። ልጄም ሳቀች። እኔ ብቻ በመስኮቱ ያንን ቢጫ የአፈር ተራራ አየሁ። ቀሚሷን የያዘችው እጄ ጭኔ ላይ ነበረች፣ የሌላ ሰው እጅ መሰለችኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ቤት መቀመጥ አቃተኝ። ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሼ እሄዳለሁ። ሂልብሮው ሰፈር ድረስ በእግሬ ወጥቼ ተመልሻለሁ፤ ምን ፈልገሽ ብትሉኝ አላውቅም። ማክሰኞ እግሬ ወደቡ በር ወሰደኝ። የበሩ ጥበቃ ሽበታም ዙሉ ነው፣ ሁልጊዜ ሰላምታ የምንለዋወጥ። «ሳውቦና ጎጎ» አለኝ። ጎጎ አያት ማለት ነው። «ዬቦ» ብዬ ሰላምታውን መለስኩና አጠገቡ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ሰብሳቢዋ ከመኪናዋ ስትወርድ ተነሥቼ መንገዷ ላይ ቆምኩ።

በገበያ ዙሉና በገበያ እንግሊዝኛ ነው የነገርኳት፤ የጎደለውን ጥበቃው ሞላልኝ። «ልጄን አንድ ጊዜ ጨምሪና ለምኛት። አንድ ብቻ ነው የቀረው» አልኳት።

«እምቢ ብላለች እኮ፣ እናቴ።»

«እምቢ አላለችም። ጨዋ ሆና ነው።»

ሳቋ መጣና መልሳ ዋጠችው። እጄን ይዛ አግዳሚው ላይ አስቀመጠችኝ፣ አጠገቤም ተቀመጠች። ስሞቹ ወደ ላይ የሚላኩት ዓርብ ነው አለችኝ። «እስከ ዓርብ አሥር ሰዓት ድረስ ልጅሽ ራሷ መጥታ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ ካለች፣ ሰዎቹን መልሼ እጠራለሁ። ግን ራሷ መሆን አለባት፤ እኔ ሄጄ ልለምናት አልችልም፣ ለአንዷ አዳላሽ ይሉኛል» አለች። ጥበቃው እንዳልሳሳት ቀኖቹን በጣቱ ቆጠረልኝ። ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ። በደንብ ገባኝ። አልገባኝም ብዬ ማመካኘት አልችልም።

ለልጄ አልነገርኳትም።

ስንት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። ሩዝ እየለቀምኩ፣ አሁን እላታለሁ አልኩ። ልጆቹን ስታጥብ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። ግን ምን ብዬ ልጀምር? ሂጂና ወንበር ስጡኝ በያቸው? በቁንጥጫ ያሳደግኳትን ልጅ፣ ያ ሰውዬ እንዳደረገው በገዛ አፍሽ እፈልጋለሁ በዪ ልበላት? ረቡዕ ከሰዓት ስልኳ ጮኸ፤ ይዛው በረንዳ ወጣች። ስትመለስ የታጠበ ብርጭቆ አንሥታ እንደገና ማጠብ ጀመረች። «ማነው?» አልኳት። «ደንበኛ» አለችኝ። ሐሙስም እንዲሁ ተያይተን አለፍን።

ዓርብ ጠዋት ሱቅ ሄደች። እኔም ልጆቹን አድርሼ ቀጥታ ወደ በሩ። ያሰብኩት፣ ሰብሳቢዋን ቤታችን ድረስ ላምጣት ነበር። ሻይ ልጠጣ ብላ ትግባ፣ ምንም አትበል፣ አንድ ጊዜ ብቻ ልጄን በዓይኗ ትያት፤ ልጄ ይገባታል። ሰብሳቢዋ ግን ጠዋቱን ስብሰባ ላይ ናት አሉኝ። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ልጆቹን የሚያመጣልኝ ጎረቤት ለመንኩ፣ በስልክ። ጥበቃው ዳቦውን ለሁለት ገምሶ ሰጠኝ፤ አንዴ እምቢ አልኩት፣ መልሶ ወደ ላስቲኩ ሊከት ሲል እጄን ዘረጋሁ። ሁለታችንም ሳቅን። ያን ቀን የሳቅኩት ያችን ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሰብሳቢዋ ወደ በሩ ወጣ ብላ በቅንድቧ ጠየቀችኝ። ትመጣለች ወይ ማለቷ ነው። ቤቴ እንሂድ አልኳት፤ ጥበቃውም ተረጎመ። ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። አሥር ሰዓት ሲያልፍ መኪናዋ ወጣች፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ እጄን ጨበጠችኝና ሄደች።

ሌላው አጭር ነው፣ ታናሹ ደስ ይለዋል። ወንበሩን የያዘውን ሰው አልነቅፈውም፤ ስለሚያውቀው ተናገረ፣ የመኪናው መንገድ ሰፋለት። ስለ ሜዳዋ አያውቅም፣ የነገረውም የለም። በሚቀጥለው ብርድ ዋዜማ ሜዳዋ ተዘጋች። ልጄ ደርባን አንድ ክፍል ተከራየች፤ በሁለት ሳምንት አንዴ በአውቶቡስ ትመጣለች፣ እሑድ ትመለሳለች። ልጆች፣ በሩን እኔ ከፈትኩላችሁ። ታናሹ መጀመሪያ አለቀሰ፣ በኋላ ተወ፤ መተዉ ከማልቀሱ ባሰብኝ። በዕረፍታችሁ ይዣችሁ ስሄድ ባሕሩንም አየሁት፣ ባሌ ያወራልኝን። እናንተ ስትንቦጫረቁ እኔ ዳርዳሩን ወዲህ ወዲያ ስመላለስ ዋልኩ። አንድ ቦታ ቆሜ ላየው አልቻልኩም።

ያንን ዓርብ ለማንም ሳልናገር ዓመታት ያዝኩት። ባለፈው ዓመት፣ ልጄ የደርባኑን ትታ ጠቅልላ ከመጣች ወዲህ፣ አሮጌ ብርድ ልብስ ለሁለት ይዘን ስናጥፍ አመለጠኝ። ሰብሳቢዋ እስከ ዓርብ ጠብቃሽ ነበር፣ እኔ ነኝ ያልነገርኩሽ አልኳት። እጥፋቱን አላቆመችም። «አውቃለሁ እማዬ» አለች። «ረቡዕ ከቢሮዋ ደውለው፣ ሐሳብሽን ከቀየርሽ እስከ ዓርብ ነው ብለውኝ ነበር።»

ያን ዓርብ በስምንት ሰዓት ሱቁን ዘግታ ወደ ወደቡ ሄዳለች። የምትለውን በታክሲው ውስጥ ስታጠና ነበር። ጎማ የሚጠግኑበት ጥግ ድረስ ደርሳ፣ በሩ ሲታያት፣ አግዳሚው ላይ እኔን አየችኝ፣ ከጥበቃው ጋር ተቀምጬ። እኔ እያየኋት ገብታ በገዛ አፏ እፈልጋለሁ ማለት አልሆነላትም። እስክነሣላት ጥጉ ላይ አንድ ሰዓት ቆማ ጠበቀች፤ እኔ አልተነሣሁም።